የሽምብራ ሌባ

ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ጉሙ ሁላ ረግረግ ላይ አልተነቃነቀም ካደረበት።
ትራክተሬ ሁለቴ ሳለች፣ በሦስተኛው ተነሣች፤
ሦስት ቶን በቆሎዋን እየጎተተች
ጭቃውን ይዛ አዘገመች።

ሥራዬ ወፍ መቀለብ ነው።
የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ደመወዙ ግን የእውነት ነው።
የሚከፍሉኝ ገበሬዎቹ ናቸው፣ ለኦቾሎኒያቸው ሰግተው፤
«እዚያ ማዶ ጠግበው ይዋሉ፣ ከማሳችን ርቀው።»

ይህ መሬት ድሮ ውሃ ነበር፤ አደረቁት፣ አረሱት፤
አፈሩ ከሥር እየነደደ ሲያስቸግር
ከፊሉን መልሰው ለውሃ ሰጡት።
ጥፋት ሲታረም እንዲህ ነው፣ ሙሉውን አይመልስም፤
ወፎቹ ግን እርጥብ ካገኙ ያርፋሉ፣
«ማን ነው ያደረቀው?» አይሉም።

ሊሮን ግድቡ ላይ ቆማለች፣ ጣቱ በተቆረጠ ጓንት፣
ሦስት እግር ባለው መነጽር ጎሕ እስኪቀድ እየጠበቀች።
ግሪጎሪ ከጎኗ የቴርሞሱን ክዳን ጨብጦ፦
«ፕስኮቭ፣ ከአያቴ ቤት ጓሮ፣ ረግረጉ ውስጥ ነው የሚፈለፈሉት፤
እኛ ዙራቭል ነው የምንላቸው» አለ።
«አጉር» አለች ሊሮን።
ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «ባንተስ ቋንቋ?»
«ሽመላ» አልኩ ቶሎ ብዬ፣ የማውቅ ለመምሰል።
«ሽመላማ ያችውና!» ቦዩ ዳር ጠቆመችኝ፣
በአንድ እግሯ የቆመች፣
ብቻዋን፣ ግራጫ፣ የተቀየመች።
ዝም አልኩ።
አምስት ክረምት ከእጄ የበላ ፍጡር
ለካ በአፌ ስም አልነበረውም ኖሯል።

መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው፣
ዘይት ያጣ የብረት በር ሺህ ሰው ባንዴ ሲከፍተው።
ከዚያ ውሃው ራሱ የተነሣ መሰለ፤
ሄርሞን የትናንቱን በረዶ አናቱ ላይ እንዳዘለ
ከታች ግራጫው ሁሉ ክንፍ ሆኖ ተነጠለ።
ሊሮን በመቶ በመቶ ትቆጥራለች፤
እኔ በአማርኛ ጀምሬ ሰባት መቶ ላይ ጠፋብኝ።
አንዲት ጭልፊት አልፋልፋው ላይ ዝቅ ብላ አለፈች፣
ማንም አልቆጠራት።

ስልኬን አወጣሁ። አክስቴ ያልጋነሽ፣
ቅርያት ሽሞና፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከወፍ ቀድማ የምትነቃዋ።
«ስሚ» ብዬ ስልኩን ወደ ሰማይ ያዝኩት።
ትንሽ ዝም። ቀጥሎ፦
«ውይ! የሽምብራ ሌባ!»

ደንቢያ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ጥቁሩ አፈር ላይ ሽምብራ፤
እሷ ስምንት ዓመቷ፣
ወንጭፍና ባዶ ጣሳ ሥራዋ።
አንድ ቀን ፀሐይዋ ሞቃ እንቅልፍ ጣላት፤
ስትነቃ ግማሹ ማሳ የለም።
አባቷ አልመታትም፤
ሁለት ቀን ሙሉ ግን አላናገራትም።

«አንተ ምን ታደርጋቸዋለህ?»
«አበላቸዋለሁ።»
«በነፃ?»
«በደመወዝ፣ አክስቴ። ገበሬዎቹ ይከፍሉኛል።»
መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።
«ገበሬ» አለች በመጨረሻ፣ «ለሌባ ቀለብ ይሰፍራል?
እንኳን አባቴ ይህን አልሰማ!»
ሳቋ ግን ጆሮዬን አሞቀው።

በቆሎውን ዘርግፌ ስዞር ሰማዩ ሁሉ ወረደ፤
ትራክተር አይፈሩም፣ እግረኛ ሰው እንጂ።
ሦስት ብቻ፣
ሁለት ትልልቅና አንድ ራሱ ገና ቡናማ ጫጩት፣
ከምግቡ በላይ አንዴ ዞሩ፣ አላረፉበትም፤
ወደ ደቡብ ቀጠሉ፣ አንገታቸውን እንደ ክር ወጥረው።
«እነዚህስ ወዴት ናቸው?»
«ከዚህ የሚያልፉት? አንዳንዶቹ እስከ እናንተ አገር ድረስ።»
እኔ የተወለድኩት ጽፋት ሆስፒታል ነው፤
አላረምኳትም።
ከወረቀቷ ሦስት ቀነሰች፤
ኅዳጉ ላይ አዲሱን ስም በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈች፣
«ሽምብራ»ን ሁለቴ ሰርዛ።

ቀትር ላይ፣ ኪሴ ውስጥ የቀረውን ፍሬ ስለቅም፣
አክስቴ ደወለች። ሰላም እንኳ አላለችኝም፦
«ጠገቡ?»